እኩል የሚመታ ልብ

የወንድሜን ደረት አልኮል በነካ ጥጥ እየጠረግሁ ነበር።

ነሐሴ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ፣ እናታችን ቤት። ጉሙ ደጁን ሸፍኖታል። የምነግራችሁ ከሰው የሰማሁትን አይደለም። በእጄ የነካሁትን ነው።

ወንድሜ ዋሴ አስተማሪ ነው። በዚያ ክረምት ሁለት ጊዜ ራሱን ስቶ ወደቀ። ሐኪሞች ምክንያቱን አላገኙም። የኔ ትምህርት የልብንና የአንጎልን ምት በሒሳብ ማጥናት ስለሆነ መሣሪያዬን ይዤ መጣሁ።

ሽቦዎቹን ደረቱና ግንባሩ ላይ ስለጥፍ ሳቀ።

«እታለም፣ ልቤ ውስጥ ያለችውን ልጅ እንዳያጋልጥብኝ።»

የጤነኛ ሰው ልብ እንደ ሰዓት እኩል አይመታም። አንዱ ምት ትንሽ ይቀድማል፣ ሌላው ትንሽ ይዘገያል። ኮምፒውተሬ በምቶቹ መካከል ያለውን ጊዜ እያነጻጸረ ነጥብ ያስቀምጣል። ነጥቦቹ እንደ ንብ መንጋ ከተበተኑ ደኅና ነው።

የዋሴ ተበትነው ነበር። ደስ አለኝ።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ የታማሚውን ስም ጠየቀ።

እናቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ የክርስትና ስሙን ነገረችኝ።

ያ ስም እኛ ዘንድ ለሰው አይነገርም። ቄሱ ሲጸልዩ ይጠሩታል። ሰው ሲሞትም ፍትሐቱ በእሱ ነው። እናቴ ለታመመ ሰው የሚደረገው ሁሉ ጸሎት መስሏት ነው። እንዳላሳፍራት ብዬ ጻፍሁት።

ነጥቦቹ... መሰብሰብ ጀመሩ።

ሽቦ የላላ መሰለኝ። ነካካሁት። አልላላም።

መንጋው ጠበበ። የእንቁላል ያህል... የባቄላ ያህል... የምስር ያህል። ከነጥቦቹ ሥር የሚሄደው የአንጎሉ መስመርም ከልቡ ጋር እኩል መነሣትና መውደቅ ያዘ። ልብ እንዲህ እኩል ሲሆን ለመቆም ተቃርቦ ሊሆን እንደሚችል ተምሬያለሁ።

«ማነው የሚጠራኝ?» አለ ዋሴ በሹክሹክታ።

ማንም አልጠራውም።

«በየትኛው ስም?» አለች እናቴ።

«በዚያኛው...»

አፉን በመዳፏ ከደነች።

«አቤት እንዳትል። ልጄ፣ አቤት እንዳትል።»

ከመዳፏ ሥር አገጩ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ስሙን አጠፋሁት። ቦታው ባዶ ሆነ። ነጥቦቹ ግን እዚያው አንድ ቦታ ላይ ይወድቃሉ። የዋሴ ከንፈር እየጠቆረ ሄደ።

ባዶው ቦታ ስም ይጠብቃል።

የራሴን የክርስትና ስም ጻፍሁ።

«ምን እየጻፍሽ ነው?» አለች እናቴ።

የመጨረሻዋን ፊደል መታሁ።

ዋሴ ከውኃ እንደወጣ ሰው አየር ሳበ። ነጥቦቹ ተበተኑ። እናቴ ግንባሩን እየሳመች አለቀሰች። እሱ ራበኝ ብሎ ተነጫነጨ።

ሽቦዎቹን ከገላው ነቀልሁ። አንድም አልቀረም።

ስክሪኑ ላይ ግን ነጥብ ወደቀ።

ሌላ... እዚያው ላይ።

ሌላ... እዚያው ላይ።

የግራ እጄን አንጓ በጣቶቼ ያዝሁ። ነጥቡ የሚወድቀው የኔ ደም ሥር ሲመታ ነው።

ከደጅ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ አንድ ድምፅ በቀስታ ጠራኝ። በዚያኛው ስሜ።

እናቴ ቀና አላለችም። ዋሴም አልሰማም።

ከንፈሬን ገጥሜ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ጠቀለልሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ዚፑን ዘጋሁና አልጋው ሥር አስቀመጥሁት።