የተቆለፈው ኮት

መርማሪ ትህትና አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ከሚገኘው የሐበሻ ምግብ መሸጫ ግሮሰሪ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሳም ነበር። ባለቤቱ ልዑልሰገድ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ቢሮ ውስጥ በጀርባው ተዘርሯል። ረጅም ጥቁር ኮቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ ደረቱ ላይ አንድ ቀዳዳ አለ። የገዛ ሽጉጡ ወለል ብሎ በተከፈተው የጓሮ በር ሥር ወድቋል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ። «ሌባ በጓሮ ገባ፣ ሽጉጡን ከወገቡ መነጨቀው፣ ተኩሶበት ወጣ።»

ትህትና ወደ ሬሳው ዞረች። የአስከሬን ባለሙያው የኮቱን አምስት ቁልፎች አንድ በአንድ ሲፈታ ቆማ አየች። ከሥሩ ባዶ የሽጉጥ አፎት ወጣ።

ልዑልሰገድን ታውቀዋለች። ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ደጃፍ ላይ፣ ምግብ የሚያመላልስ ፍቅረማርያም የሚባል የፔትዎርዝ ሰፈር ልጅ ገድሎ ነበር። በመኪና ማቆሚያ ተጨቃጨቁ፣ ልጁ እጁን ወደ ጃኬቱ ኪስ ሰደደ፣ ልዑልሰገድ ተኮሰ። ከኪሱ የወጣው ስልክ ነበር። ዐቃቤ ሕግም «ለሕይወቱ ፈርቶ ነው» ብሎ ሳይከስሰው ቀረ። ከዚያ ወዲህም ሰውየው ሽጉጡን አልፈታም።

በግሮሰሪው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሠራተኞች ብቻ ናቸው። በመጀመሪያ ሥጋ ቆራጩን ጋሼ ኃይለልዑልን አነጋገረች። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ እሳቸውም ወገባቸው ላይ ሽጉጥ የማይለያቸው ሰው ናቸው።

«ልዑልሰገድ ኮቱን ሁልጊዜ ይቆልፋል?»

«ኧረ ምን ሲደረግ! ብርድም ቢሆን ገለጥ ያደርገዋል። ‹የምታጠቀው ሰው እንዲያይልኝ ነው› ይል ነበር። ከታጠቀ ወዲህ አንድ ሌባ በዚህ በር አልገባም፣ ልጄ።»

«ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ሱቁ ሲሄድስ? እዚያ ግዛቱ ሌላ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ሽጉጥ የመታጠቅ ፈቃድ የለውም።»

«የትም ይሂድ የት አይፈታውም። ራሱ ነው የነገረኝ።»

ካሸሯ ሲሐም የእሳቸውን ነገር ስትሰማ ከንፈሯን ነከሰች። «ሌባም አልገባም፣ ደንበኛም አልገባም። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በሩ ላይ ደርሰው ሽጉጡን ሲያዩ ተርን ያደርጉና ይመለሳሉ። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ልለቅ ብዬ ነበር። ግን አልገደልኩትም፤ ተኩሱ ሲሰማ ደንበኛ በስልክ እያስተናገድኩ ነበር።»

«መጀመሪያ የጮኸው ማነው?»

«ካሰች። ‹ሌባ! ሌባ!› እያለች ከኪችን ወጣች።»

ካሰች ሳምቡሳ የምትጠብስ ዝምተኛ ሴት ናት፤ ከበልትስቪል በአውቶቡስ እየተመላለሰች ስምንት ወር ሠርታለች። እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች።

«ሌባውን አየሽው?»

«ጀርባውን ብቻ። በጓሮ በር ሲወጣ።» ወደ ቢሮው በር ሳታይ ጨመረች፤ «እግዜር ይፍረድ እንግዲህ። ባዶ እጁን የቆመ ሰው እንዲህ ይገደላል?»

ትህትና ይህችን ቃል ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች፤ ከሥሯም አሰመረችባት።

አርብ ከሰዓት ሦስቱንም በተዘጋው ግሮሰሪ ውስጥ፣ በሽሮና በበርበሬው መደርደሪያ መሀል ሰበሰበቻቸው።

«ከኮቱ እንጀምር» አለች። «ሽጉጡ አፎቱ ውስጥ ቢሆን ኖሮ፣ ሌባው አምስት ቁልፍ ፈትቶ፣ ሽጉጡን መንጭቆ፣ ተኩሶ፣ መልሶ ሊቆልፍለት ነው? ደግሞም ጥይቱ የተቆለፈውን ኮት በስቶ ነው የገባው። ስለዚህ ሽጉጡ ከወገቡ ቀድሞ ወርዷል።»

«አይሆንም!» አሉ ጋሼ ኃይለልዑል።

«ሆኗል፣ ጋሼ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄድበት ቀን። ወደ ሜሪላንድ የሚያሻግረውን ድልድይ ሳይሻገር ሽጉጡን እዚሁ ይተዋል። የሚያሳየው መሣሪያ ስለሌለው ኮቱን ይቆልፋል። ለእርስዎ የዋሸው፣ ባዶ ወገቡን የሆነበት ሰዓት እንዳለ ማንም እንዳያውቅበት ነው።»

ሲሐም እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሁለተኛ፤ የጎረቤቱ ጎማ ቤት ካሜራ ጓሮውን ያያል። በሩ ከውስጥ ሲከፈት ይታያል እንጂ የገባም የወጣም ሰው የለም። ሌባ አልነበረም። ሦስተኛ፤ ሁላችሁም ከወገቡ ተነጠቀ ብላችሁ ስታምኑ፣ አንድ ሰው ግን ‹ባዶ እጁን› አለችኝ። ያንን የምታውቀው ሽጉጡን ሲፈታ ያየችው ብቻ ናት።»

ትህትና ስልኳን አወጣች። «የፍቅረማርያምን የቆየ ፋይል አገላበጥኩ። የቅርብ ዘመድ በሚለው ቦታ አንዲት እህት ተመዝግባለች። የአባት ስማቸው አይገጥምም፤ በእናት ብቻ ነው የሚገናኙት። ቁጥሯ ግን አለ።»

ደወለች። ስልክ በካሰች ሽርጥ ኪስ ውስጥ ጮኸ። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ካሰችም አላነሳችውም፤ እስኪያቆም ጠበቀች።

ትህትና መብቷን ነገረቻት፤ መናገር እንደማትገደድም አስረዳቻት።

«እናገራለሁ» አለች ካሰች። «ረቡዕ ረቡዕ ሻይ አስገባለት ነበር። ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠውና በሁለት እጁ ኮቱን ይቆልፋል። ስምንት ወር ሙሉ አየሁት። ባለፈው ረቡዕ ግን አንስቼ አነጣጠርኩበት። ስሜን ሳይሆን የወንድሜን ስም ነገርኩት። ያኔ አወቀኝ። ‹በእጄ ምንም የለም!› አለኝ። ‹እሱም አልነበረውም› አልኩት።»

«ካሱ…» አለች ሲሐም እያለቀሰች።

«ፈርቶ ነው ብላችሁ ለቀቃችሁት» አለች ካሰች ወደ ትህትና ዞራ። «የታጠቀው ፈራ፣ ያልታጠቀው ሞተ። እኔም ፈርቼ ነው ብልስ?»

«አልፈራሽም። የፈራ ሰው ስምንት ወር ሻይ አያቀርብም» አለቻት ትህትና።

ካሰች ራሷን ነቀነቀች፤ ሽርጧን ፈታ አጣጠፈችና ለሲሐም ሰጠቻት። ሁለት ፖሊሶች ይዘዋት ሲወጡ ጋሼ ኃይለልዑል መንገድ ለቀቁላት።

ትህትና የመኪናውን በር ከፈተችላት። ያንን የሁለት ዓመት ፋይል ራሷ ብትይዘው ኖሮ ምን ታደርግ እንደነበር አላወቀችም፤ አለማወቋም አሳፈራት። ዝቅ ብላ ጠየቀቻት።

«አሁን ቀለለሽ?»

ካሰች ወንድሟ የወደቀበትን አስፋልት ትኩር ብላ አየችው።

«አልቀለለኝም» አለች። «ግን መልሰሽ ብታስነሽው፣ መልሼ እገድለዋለሁ።»