ዝቅ ያለው መቀርቀሪያ

አናጢው ወደዚያ ቤት የተጠራው የመኝታ ክፍሎቹን መቀርቀሪያ ከውጭ ነቅሎ ከውስጥ እንዲገጥም ነው። ቤቱ ቀድሞ መጋዘን ስለነበር በሮቹ ሁሉ የሚዘጉት ከውጭ ነበር። አሁን የሚኖሩበት ሴቶች ደግሞ ሥራ አለ ተብለው ተወስደው የተሸጡ፣ በሰው ቤት ተቆልፎባቸው የከረሙ ናቸው።

«እዚህ ያየኸውን እዚሁ ትተኸው ትሄዳለህ» አሉት የቤቱ ኃላፊ። ሁሉም እትዬ ይሏቸዋል። «እያደኑ የሚፈልጓቸው ሰዎች አሉ።»

«ገባኝ እትዬ።»

የገባው መስሎት ነበር።

መጨረሻ በደረሰበት ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ለበሩ ጀርባዋን አትሰጥም። ገጥሞ ሲጨርስ እንድትሞክረው ጠራት። እጇን ዘረጋች፤ ክንዷ ግን ከደረቷ በላይ አልወጣ አለ። ተሰብሮ፣ ሐኪም ሳያየው በራሱ የገጠመ ክንድ ነው።

አናጢው ብሎኑን ፈትቶ መቀርቀሪያውን ወገቧ ድረስ ዝቅ አደረገው፤ የቀድሞውን ቀዳዳ በሰጋቱራና በኮላ ደፈነው።

«አሁን ግቢና ዝጊው።»

ዘጋችው። ድምጿ ከውስጥ መጣ።

«ግፋ እስቲ።»

ገፋ።

«ይሄ ነው ጉልበትህ? ጠንከር አድርገህ!»

«ኧረ ትከሻዬ ሊወልቅ ነው!»

«ይውለቅ! ግፋ!»

በሩ ንቅንቅ አላለም። ከውስጥ ሳቅ ፈነዳ። እትዬ ከኮሪደሩ ጫፍ ሆነው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ልጅቷ እዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ ስትስቅ የሰማት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አናጢው ሰበብ አላጣም።

«ያ በር እርጥበት ጠጥቷል እትዬ፣ ልላገው።»

«ምነው፣ ይሄ በርስ መጠጥ አበዛ!» ይሉና ወንበራቸውን ኮሪደሩ ላይ ያደርጋሉ።

እሱ ይልጋል። እሷ ከመላጊያው የሚወጣውን ስስ ፍቅፋቂ እየለቀመች ጣቷ ላይ ትጠመጥመዋለች። አንድ ቀን በቀለበት ጣቷ ላይ ሆኖ አየውና ቶሎ ዓይኑን ሰበረ።

«ይሰበርብሻል» አላት።

«እስኪሰበር ይቆይልኝ።»

መላጊያው እንጨቱ ላይ ቆመ።

የሸጣት የአጎቷ ልጅ ነው። የችሎቱ ቀን እየቀረበ ነበር። ክሊኒኩ ስለ ክንዷ ሊመሰክር፣ የሕግ ድጋፍ ቢሮው ሊቆምላት፣ ይህ ቤት እስከዚያው ሊሸሽጋት ተስማምተዋል። በየቢሮው ቁስሏን እንዳትገልጥ ሁሉም በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንዴ ብቻ ሰምተዋታል።

«አትፈሪም?» አላት።

«እፈራለሁ። ዝም ካልኩ ግን ሌላዋን ይወስዳል።» ፍቅፋቂውን አዞረችው። «ሲያልቅ የራሴን ክፍል እከራያለሁ። አንተ መጥተህ ታንኳኳለህ። ማን ነው ሳልል እከፍትልሃለሁ።»

አናጢው ማታ ተንበርክኮ፣ ያን በር የሚያንኳኳ ሰው አድርገኝ ብሎ ለመነ።

ደስታ ሰውን አፈኛ ያደርገዋል። በማግሥቱ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ገባና ለቤቱ መታጠቢያና ማብሰያ በሮች ደግሞ መቀርቀሪያ ሲጠይቅ ሻጩ ሳቀበት።

«አንተ ሰውዬ፣ መቀርቀሪያ ትበላለህ እንዴ?»

«ለሴቶቹ ቤት ነው ባክህ! ከዳቦ ቤቱ ጀርባ። ከውስጥ ሲዘጉት እንዴት እንደሚስቁ ብታይ!»

ምስማር የሚያስመዝን አንድ ሰው ቀና አለ፤ መልሶም አቀረቀረ።

በዚያው ሳምንት አናጢው መላጊያውን ይዞ ሲመጣ በሮቹ ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተው አገኛቸው። እትዬ ብቻቸውን አንሶላ ያጥፋሉ።

«የት ሄዱ?»

«አላውቅም ልጄ። እንዳላውቅ ሆኖ ነው የተሠራው። የክሊኒኩ መኪና በሽተኛ ያነሳ መስሎ ወሰዳቸው። መንገድ ላይ ለሌሎች አስረከባቸው። የወሰደው የተቀበለውን አያውቅም።»

«ምን ተፈጠረ?»

«የአጎቷ ልጅ ደጃፍ መጣ። ‹መቀርቀሪያው ከውስጥ የሆነው ቤት ይሄ ነው?› ብሎ ጠየቀ።»

መላጊያው ከእጁ ወደቀ።

«እኔ ነኝ እትዬ። እኔ ነኝ ያወራሁት።»

«አውቄዋለሁ» አሉና አንሶላውን እንደገና አጠፉት። «ተንኮል እንዳልነበረህም አውቃለሁ። ለእሷ ግን ያው ነው።»

ችሎቱ ሲጠራት አልመጣችም። መደበቂያዋን ሳታሳይ እንዴት ትምጣ? መዝገቡ ተዘጋ፤ የአጎቷ ልጅም እንደ ማንኛውም ሰው ሲወጣ ሲገባ ይታያል። አናጢው መንገድ ላይ ባየው ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ከንዴት ይልቅ እፍረቱ ይብስበታል።

ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። እናቱ «አግባ እንጂ ልጄ፣ ስንት ጊዜ ልለምንህ» ስትለው «እሺ እማዬ» ይልና ወደ ሥራው ይመለሳል። ለሷም ቢሆን ምንም አልነገራት።

አንድ ቀን እትዬ ከአናጢ ቤቱ ደጃፍ ቆሙ።

«በሮች እንድትሠራ ላዝህ መጣሁ። ያዘዘው ሌላ ድርጅት ነው፤ የት እንደሚገጠሙ እኔም አልጠየቅኩ።» የበሮቹን ልክ ነገሩት። ሊወጡ ሲሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «የአንዱ መቀርቀሪያ ዝቅ ይበል ብለዋል። ወገብ ላይ» አሉት።

መጋዙን ይዞ ቀረ።

መቀርቀሪያ ሊገዛ ሲሄድ ሻጩ «ደግሞ ለማን ነው?» አለው።

«ለበር።»

ያንን በር ከሌሎቹ ሁሉ ብዙ ጊዜ ወስዶ ላገው። የጭነት መኪናው ሲመጣ ሾፌሩ በሮቹን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ወንድሜ፣ እኔ ማሰር እንጂ መግጠም አላውቅም። ጋቢና ቦታ አለ፤ ና ግባ። ዛሬውኑ ገጥመህ ትመለሳለህ።»

የአናጢው እጅ የጋቢናውን እጀታ ያዘ። ለረጅም ጊዜ አልለቀቀውም። ከዚያ ለቀቀው።

«ና፣ ማጠፊያው እንዴት እንደሚገጠም ላሳይህ።»

«ባለሙያው አንተ እያለህ?»

«የት እንደሆነ ማወቅ የለብኝም። አፌን አላምነውም።»

ሾፌሩ ገመዱን ሲያጠብቅ አናጢው በጎን በኩል ጠጋ አለና መቀርቀሪያው ዝቅ ያለውን በር በጣቱ አንጓ ቀስ አድርጎ አንኳኳው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እንጨቱ ደርቆ እንደሆነ ላየው ብዬ ነው።»

«ታዲያ ደርቋል?»

«ደርቋል» አለ አናጢው። «በል ሂድ።»