ጆሯቸው የተሸፈነ ልጆች

«እነዚህን ልጆች የት ነው የማውቃቸው?» አለች አክስቷ፣ ብሩሹን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ስልኩን ወደ ዓይኗ እያስጠጋች።

በቅጥነቷ ቤተሰቡ «ድንቢጥ» የሚላት ልጅ ክው አለች። ስልኩ ላይ የሚታየው የትምህርት ቤቱ መጽሔት ሽፋን ነው። ትናንት የሥዕል አስተማሪው የሷን ከሁሉም መርጦ በክፍሉ ፊት አስጨብጭቦላታል። መጽሔቱ ዛሬ ከሰዓት ማተሚያ ቤት ይገባል። ሽፋኑን የሠራ ተማሪ ደግሞ በክረምቱ የሥዕል ሥልጠና ቦታ ያገኛል፤ ድንቢጥ ይህችን ቦታ እያሰበች እንቅልፍ ካጣች ቆይታለች።

ምን ዋጋ አለው፣ ሥዕሉን አልሣለችውም። አክስቷ የታፔላ ሠዓሊ ናት። ድንቢጥ አክስቷ ለየጸጉር ቤቱና ለየልብስ ሰፊው የሠራቻቸውን ሥዕሎች ፎቶ አንስታ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ ሰጠችና «በዚህ አሣሣል ተማሪዎች ሥራልኝ» አለችው። ዓይኗን አርገብግባ ሳትጨርስ ቁጭ አደረገላት።

ሲከነክናት ለክፍሏ ልጅ ነገረችው፤ በክርክር ስለማይረታ «ጠበቃው» ይሉታል። ሳቀባት። የቅጂ መብት የሚባለው ለሰው ነው፣ ማሽን የሠራው የማንም አይደለም፣ አታካብጂ አላት። እሷም መስማት የፈለገችው ያንኑ ነበርና እፎይ አለች።

አሁን ግን አክስቷ በሥዕሉ ላይ ያሉትን ልጆች አንድ በአንድ በጣቷ ትነካ ጀመር። የሁሉም ጆሮ በሻርፕ ወይም በኮፍያ ተሸፍኗል። በጠራራ ፀሐይ ኳስ የሚያባርረው ልጅ ሳይቀር ሻርፕ ጠምጥሟል።

«እኔ ጆሮ መሣል አልችልም» አለች አክስቷ ቀስ ብላ። «ብሞክር ብሞክር እምቢ ሲለኝ ነው መሸፈን የጀመርኩት። ጸጉር አስተካካዩ እንኳ እስከ ዛሬ አልነቃብኝም። የኔስ አቅቶኝ ነው። ይሄን የሣለውስ ምን ሆኖ ሸፈነው?»

አክስቷ መልስ ሳትጠብቅ ስልኩን መለሰችላትና ወደ ታፔላዋ ዞረች። ብትቆጣት በተሻላት ነበር። ጀርባዋን እያየች አፈረች፤ ከልቧ አፈረች። የማንም አይደለም ያለው ጠበቃው እነዚህን ሻርፖች አላወቃቸውም። እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ከሥራቸው ቁጭ ብላ ነው ያደገችው።

እዚያው ቆማ ለአስተማሪዋ ደወለች።

«ቲቸር፣ ሽፋኑ ማተሚያ ቤት እንዳይገባ። እኔ አይደለሁም የሣልኩት፣ ማሽን ነው። አሣሣሉ ደግሞ የአክስቴ ነው፤ አላስፈቀድኳትም።»

አስተማሪው የሥልጠናው ቦታ ለሌላ ተማሪ እንደሚሰጥ ነገራትና ስልኩን ዘጋው። እንባዋ መጣ።

አክስቷ ሁሉንም ሰምታለች፤ ግን አልዞረችም። ድንቢጥ ባዶ የቀለም ጣሳ ገልብጣ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ከወለሉ ላይ እርሳስና ቁራጭ ካርቶን አነሣች።

«አክስቴ፣ ብሩሹን ከጆሮሽ ላይ ታነሺልኛለሽ? ጆሮሽን ልየው።»

አክስቷ ጥቂት አመነታች። ከዚያ ብሩሹን አንስታ ጸጉሯን ወደ ኋላ ሰበሰበችና፣ ጆሮዋ እንዲታይ ጎኗን ሰጠቻት።