ያልተሰማው የአርአያ ጥሪ

አርአያ የተገኘው በላንድሮቨሩ ጥላ ሥር ተደፍቶ ነው። የራዲዮው መነጋገሪያ በእጁ ነበር። ያገኙት ሰዎች ጣቶቹን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረባቸው።

ቦታው ከአዋሽ ማዶ፣ በረሃ መሃል ነው። የመኪናው አክስል ተሰብሯል። ውሃው አልቋል። ካርታ ለሚሠሩ ቀያሾች ዕቃ ሊያደርስ ብቻውን የወጣ የመንግሥት ሾፌር ነበር። ከተቸገረ በራዲዮ አዲስ አበባን ይጠራል፣ መኪና ይላክለታል ተብሎ ነበር። አዲስ አበባ ግን አንድም ጥሪ አልደረሰኝም አለ።

ሬሳው መጣ፣ ተቀበረ። መኪናው ተጎትቶ ፒያሳ ግርጌ ያለው የመሥሪያ ቤቱ ጋራዥ ገባ። የትራንስፖርት ሹሙ አቶ ወልደሥላሴ ራዲዮውን አስከፈቱ። ውስጡ ውሃ ገብቶበት ዝጓል። ውሃው ከየት መጣ ሲባል ሹሙ መልስ አላጡም። መኪናው ሲወጣ የሟች ሚስት ጠበል ረጭታበታለች፤ በቃ።

ነገሩ እዚህ ላይ ተዘግቶ ይቀር ነበር። ሚስቲቱ ግን አራዳ ፖሊስ ጣቢያ መጥታ መቶ አለቃ መርሻ ፊት ቆመች። ለተክርስቶስ ትባላለች። ወንበር ሲያሳያት አልተቀመጠችም።

"እሰረኝ" አለችው።

"ምን አድርገሽ?"

"ባሌን ገድዬ።"

መርሻ እንደምን አደርህ ያለውን ሰው ሁሉ ምን ፈልጎ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። በዚህ ጠባዩ ወዳጅ የለውም። ለሥራው ግን ጠቅሞታል። ብዕሩን አስቀመጠና ትክ ብሎ አያት።

"እስቲ ንገሪኝ እኅቴ።"

"በረሃ የሚወርድ መኪና ጠበል ሳይነካው አይወጣም። ከጊዮርጊስ ቀድቼ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ድረስ ወሰድሁ። መኪናውንም እሱንም ረጨሁ። ራዲዮውንም።"

"አርሶታል?"

"ነጠብጣብ ነው። ነጠብጣብም ይበቃዋል አሉኝ።"

"ማን?"

"አቶ ወልደሥላሴ። ለቅሶ ቤት መጥተው፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ 'አይዞሽ፣ አውቀሽ አይደለም' አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የባሌ ዘመዶች ቤቴ አይገቡም። እኔም ብሆን አልገባም።"

መርሻ ይህን ማጽናኛ አልወደደውም። ሰውን እያጽናኑ ገዳይ ማድረግ የሚችል ምላስ ያሳስበዋል። እሷን ወደ አፍንጮ በር፣ ወደ ቤቷ ላካት። እሱ በመጀመሪያ ወደ ራዲዮው ሻጭ ሄደ።

ሸምሰዲን ፒያሳ በወርቅ ቤቶች መሃል የመኪና ራዲዮ የሚሸጥ የጉራጌ ነጋዴ ነው። ዘመኑ ላንድሮቨር ያለው ሰው የሚከበርበት፣ አንቴና ያለው ላንድሮቨር ሲያልፍ ደግሞ ኮፍያ የሚነሣበት ነበርና ገበያው ደርቶለታል። ፖሊስ ሲገባ ግን ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"የማይሠራ ራዲዮ ሸጠህ ሰው አስገደልህ ይሉሃል" አለው መርሻ።

"ወላሂ ጌታዬ፣ ይሄን ከሰማሁ ወዲህ እህል አልቀመስሁም። ሟቹ ራሱ እኮ ነው መርጦ የወሰደው!"

"ሾፌሩ?"

"አዎ። ከአቶ ወልደሥላሴ ጋር መጡ። እሳቸው የሚያብረቀርቀውን ሁሉ ይነካሉ። እሱ ግን ተንበርክኮ ነው የመረጠው። አንቴናው ቅርንጫፍ ሲመታው የሚለጠጥ ስፕሪንግ ይኑረው አለ። መንገዱ እንዳያንገጫግጨው ከመቀመጫው ሥር ጎማ አስደረገ። የመኪናው ባትሪ ቢደክም ብሎ ለራዲዮው የብቻው ባትሪ አስገዛ። እንደዚህ ያለ ሰው ነው የሞተው።"

ሸምሰዲን ሁለት ራዲዮዎች ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። ቀፏቸው አንድ፣ ቀለማቸው አንድ።

"ልዩነታቸው ምንድን ነው?"

"ይሄኛው የከተማ ነው። ዓይንህ እስከሚያይበት ይሄዳል፤ ከዚህ እንጦጦ ብትጠራ አጥርቶ ይሰማል፣ ከተራራው ወዲያ ግን የለም። ያኛው የበረሃ ነው። ድምፁ ሽቅብ ወጥቶ አገር አቋርጦ ይወርዳል። ለአርአያ የበረሃውን ሸጥሁ። ለሹሙ መኪና የከተማውን።"

መርሻ ሁለቱን ቀፎዎች ደጋግሞ አያቸው። ከዚያ ሻጩን ይዞት ወጣ። ለተክርስቶስንም አስጠራት።

ጋራዡ ውስጥ የአርአያ መኪና አቧራውን እንደ ለበሰ ቆሟል። አቶ ወልደሥላሴ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ራሳቸው ከፈቱ። መርሻ ከራዲዮው ጀርባ ያለውን ቁጥር ሻጩ ከሚያውቀው ጋር አስተያየ። ልክ ነው፤ የበረሃው ራዲዮ ነው። ራዲዮዎቹ ተቀያይረው ይሆናል ያለውን ጥርጣሬ ውሃ በላው፤ ሸምሰዲን ግን በረጅሙ ተነፈሰ።

"ብያለሁ እኮ" አሉ ሹሙ። "ጠበሉን ስትረጭ ግቢው ሁሉ አይቷል። ድኻ ናት፣ አታስጨንቃት። ዝጋውና እንረፍ።"

ስብሰባ አለብኝ ብለው ሄዱ። ሸምሰዲን ቀፎውን ከፍቶ ውስጡን አየና አንገቱን ነቀነቀ።

"ጌታዬ፣ ይሄ አልተረጨም። ታጥቧል።"

ለተክርስቶስ እስካሁን ከበሩ አልራቀችም ነበር። አሁን ቀስ ብላ መጣች።

"ሆዱን አሳዩኝ" አለች።

"የምን ሆድ?"

"የራዲዮውን። ከመሄዱ በፊት በነበረው ማታ መኪናውን ቤት አሳድሮት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን እምነት፣ ዐመዱን፣ በጠበል ለውሼ በጣቴ መስቀል ቀባሁበት። ባልደረቦቼ ይሥቁብኛል ስላለ ከታች በኩል፣ በማይታየው። ራሱ ፈቶ አነሣልኝ፣ ራሱ መልሶ አሰረው። ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም።"

ሸምሰዲን ሁለቱን ብሎኖች በጣቱ አላቀቀና ራዲዮውን ገለበጠ። ሆዱ ንጹሕ ነው፤ የፋብሪካ ቀለሙ ያበራል። ራዲዮው ተቀምጦበት የነበረው የብረት ሳህን ላይ ግን ዐመድማ መስቀል ታትሟል። እርጥቡ እምነት ሲታሰር ተላልፎ እዚያው ደርቋል።

መርሻ የገባውን ጮክ ብሎ መናገር ፈራ፤ ግድግዳውንም ይጠረጥራል።

"በዚህ መኪና በረሃ የወረደው ይሄ ራዲዮ አይደለም" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከዚያ ወደ ራዲዮ ክፍሉ ወጣ። ጥሪ የምትቀበለው አይናዲስ የምትባል ወጣት ሠራተኛ ናት። ፊት ለፊቷ ሁለት መቀበያ አለ፤ ትንሹ የከተማውን፣ ትልቁ የሩቁን ይሰማል።

"አርአያ በወጣበት ጠዋት ከቴዎድሮስ አደባባይ በራዲዮው የሙከራ ጥሪ አድርጓል አሉ። ማን ነው የተቀበለው?"

"አቶ ወልደሥላሴ።"

"ሥራው ያንቺ አይደለም እንዴ?"

"የኔ ነው። ያን ቀን ግን ሂጂ ሻይ ጠጪና ነዪ አሉኝ።"

"አርአያ በጠፋበት ሳምንት በትልቁ መቀበያ ማንም አልጠራሽም?"

አይናዲስ በሩን አየች፣ እሱን አየች፣ እንደገና በሩን አየች።

"እኅቴ፣ ሰው ሞቷል።"

"አቶ ወልደሥላሴ ጠርተውኛል" አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። "ሩቅ ናቸው። ከኋላቸው ሰዎች ይሥቃሉ፣ ጠመንጃ ይተኮሳል። 'አጥርተሽ ትሰሚኛለሽ ወይ' ብቻ አሉኝና ዘጉት። የሚጠይቀኝ ጠፍቶ እንጂ፣ እየጠበቅሁ ነበር።"

ስብሰባ አለብኝ ያሉት ሹም የተገኙት ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ነው። ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ማኪያቶ ይጠጣሉ። ላንድሮቨራቸው በር ላይ ቆሟል። መርሻ ሸምሰዲንንና ለተክርስቶስን አስከትሎ ደረሰ።

"የመኪናዎን ራዲዮ ላየው ነበር ጌታዬ" አለ መርሻ።

"አንተ! ከማን ጋር እንደምትነጋገር ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ። መኪናው ግን የመንግሥት ነው።"

ሸምሰዲን ሳይታዘዝ ገብቶ ብሎኖቹን ፈታ። የከተማውን ራዲዮ አወጣና መኪናው አፍንጫ ላይ ገለበጠው። ጠርዙ ተፋፍቆ፣ መሃሉ ተሰነጣጥቆ፣ ዐመድማ መስቀል ሆዱ ላይ ተቀምጧል።

"አቧራ ነው" አሉ ሹሙ።

ለተክርስቶስ ጣቷን መስቀሉ ላይ አሳረፈች። ልክ ገጠመ።

ከዚህ በታች ይህን ሹም አንቱ አልለውም። ወልደሥላሴ ላብ በላብ ሆነ። ሰው ተሰብስቦ ነበርና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀመረ።

"አንድ ትልቅ ሰው አደን ልወስድ ቃል ገብቼ ነበር። ከጫካ መሃል አዲስ አበባን ሳናግር ቢያዩኝ ሹመት ያስቡልኛል ብዬ ነው። መኪናውን ቤቱ ከመውሰዱ በፊት የሱን ራዲዮ ለኔ፣ የኔን ለሱ ቀየርሁት። ሁለት ብሎን እኮ ነው! ሙከራውም በትንሹ መቀበያ በደንብ ተሰማ። አርአያ ቶሎ ይመለሳል፣ መልሼ አስርለታለሁ አልሁ። መኪናው ይሰበራል ብዬ መች አሰብሁ?"

"መኪናው ተጎትቶ ሲመለስ ግን አስበሃል" አለ መርሻ። "ጋራዡን በቁልፍህ ከፍተህ ራዲዮዎቹን ወደየቦታቸው መለስህ። የበረሃውን ውሃ አጠጣህ። ጠበሉን አይተሃል፤ እምነቱን ግን አላየህም።"

ወልደሥላሴ ወደ ሴትዮዋ ዞረ።

"ለተክርስቶስ፣ ልጆችሽን አስተምራለሁ። እንደ ልጆቼ አሳድጋቸዋለሁ።"

እሷ ሻጩን ነበር የምታየው።

"ራዲዮው ይሠራ ነበር?" አለችው። "በጠራ ጊዜ?"

ሸምሰዲን ሊዋሽላት ፈለገ፤ አልሆነለትም።

"ይሠራ ነበር እኅቴ። መብራቱም ይበራል። ተናግሬያለሁ፣ ሰምተውኛል ብሎ ነው የሚጠብቀው። ድምፁ ግን ከአካባቢው አይወጣም።"

ለተክርስቶስ ነጠላዋን አጥብቃ ያዘችና ወደ ወልደሥላሴ ጠጋ አለች።

"ውሃውን ስታፈስበት፣ እኔን ምን ትሆናለች አልህ?"

"ምንም። ሰው በጠበል አይከሰስም። ፍርድ ቤት ማንም አይፈርድብሽም ብዬ ነው።"

"ተፈርዶብኝ ነበር" አለች።

"ማን ፈረደብሽ?"

"እኔ።"

መርሻ እጁን ለካቴናው ሲያዘጋጅ እሷ የመንገዱ ዳር ላይ ቁጭ አለች። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ፣ "አርአያ፣ አርአያ" እያለች አለቀሰችለት። ኬክ ቤቱም፣ ወርቅ ቤቱም፣ መንገደኛውም ሁሉ ሰማት።