ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ደረጃ

«ዝናብ አለ» አለች ልጅቷ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ስልክ ላይ አየሁት። እዚያ ከተማ በዚህ ወር ከሰዓት በኋላ በየቀኑ ዶፍ ነው የሚወርደው። ጉዞውን ብንተወውስ?»

እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። ማዘን ሲገባት ፊቷ በራ።

«ዝናብ? እሰይ! ያን የተረፈ የመጋረጃ ጨርቅ ምን ላድርገው እያልኩ ስጨነቅ ነበር። ላስቲክ ገበር አድርጌበት ለአራታችንም አንድ ዓይነት የዝናብ ልብስ እሰፋለሁ። ሰው መሃል ብንጠፋፋ እንኳ በአበባው እንተዋወቃለን።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። ዝናቡ ሊያድናት ሲገባ ጭራሽ የመጋረጃ አበባ ሊያለብሳት ነው።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ቤት ውስጥ ግን «ሚኒስትሯ» ነው የምትባለው። ሹመቷ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ቤተሰቡ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ለእረፍት ሊጓዝ ነው፤ ያውም ዘንባባ፣ ባሕር፣ የነገሥታት ቤተ መንግሥትና ሦስት መቶ ዓመት የኖረ የሰዓት ማማ ወዳላት ሞቃት የጥንት ዋና ከተማ። እቅዱን እንድታወጣ የሾማት አባቷ ነው፤ «ሂሳብ ላለፈች ልጅ ይሄ ምን አላት!» ብሎ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሂሳብ አላለፈችም።

ያመጣችው አርባ ሰባት ነው። አባቷ እራት ላይ «ፈተናስ?» ሲላት አፏ ሙሉ ነበር፤ ወሬው ቶሎ ይለፍ ብላ «አልፌያለሁ» አለችው። የጎረሰችውን ሳትውጥ ሦስት ሰው ተነስቶ ሳማት። ከዚያ በኋላ ወደኋላ እንዴት ይመለሳል? ድጋሚ ፈተናው ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ የቀረ ክፍሉን ይደግማል። ጉዞው ደግሞ ሰኞ ይጀምራል፤ የአባቷ የዓመት ፈቃድም ያቺው አንዷ ሳምንት ናት። የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኗ ሥር ተኝቷል። የቀራት ተስፋ ጉዞው የማንም እጅ ሳይነካው በራሱ ጊዜ እንዲሞትላት ነው።

ጉዞው ግን ወይ ፍንክች።

«ሙቀቱም ሠላሳ ስምንት ነው» ብላ ሁለተኛውን ሰበብ ወረወረች።

«ለወገቤ መድኃኒት ነው!» አለ አባቷ ወንበር ላይ ቆሞ። በከተማ አውቶቡስ ጣቢያ የስምሪት ተቆጣጣሪ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ በደቂቃ ሲሸኝ ኖሮ ቤቱንም ጣቢያ አድርጎታል። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የጉዞውን ሰሌዳ ለጥፏል፤ በሰማያዊ መነሻና መድረሻ፣ በአረንጓዴ ምግብ ይጻፍበታል። ቀይ ብዕርም አለ፤ እሱ ለመዘግየትና ለመሰረዝ ነው። ከተገዛ ጀምሮ ግን ክዳኑ ተከፍቶ አያውቅም፤ በዚያ ቤት ምን ደፍሮ ይዘገያል! አባቷ አሁን በሰማያዊው «ሰኞ 11፡40 — ሁሉም ሰው ሽንት ቤት» ብሎ እየጻፈ ነው።

«ደግሞ የማማው ሰዓት ቆሟል። እየጠገኑት ነው አሉ።»

ይሄኛው እንኳ ይሠራል ብላ ነበር። ምክንያቱም ጉዞው በዋናነት የአያቷ ነው። አያቷ ሃምሳ ዓመት የሰዓት ጠጋኝ ነበሩ። የዚያ ማማ ሥዕል ሱቃቸው ውስጥ ከአናታቸው በላይ ተሰቅሎ ኖሯል፤ ሰዓቱን በዓይናቸው ሳያዩ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረና ሱቁን ዘጉ።

አያቷ ከሶፋው ላይ በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ። «ተፈቷል? ሆዱ ተከፍቷል? ልጄ፣ እንዲህ ያለ ዕድል በመቶ ዓመት አንዴ ነው! የሚሄድ ሰዓትማ ማንም ያየዋል።»

አቦ፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው! ደብዳቤው ካልሲው ውስጥ ሆኖ የሚስቅባት መሰላት። ያኔ ነው ምላሷ ሳያስፈቅዳት የሮጠው።

«ግን እኮ ደረጃው ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ነው። ሊፍት የለውም።»

ከየት እንዳመጣችው እሷም አታውቅም። ስልኩ ላይ ስለ ደረጃ አንድም ቃል አልተጻፈም።

የስፌት መኪናው ቆመ። አያቷ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉና ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ሁለት መቶ አሥራ ስድስት» አሉ። «እንግዲህ እናንተ ትወጣላችሁ፤ እኔ ታች ሆኜ እጠብቃለሁ። ከታችም ይታያል እኮ።»

ጉዞው አልተሰረዘም፤ የተሰበረው የአያቷ ቅስም ብቻ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ያን ቀን እራት አልበላ አላት፤ እናቷም «የጉዞ ጉጉት ነው» ብላ አዘነችላት።

ቅዳሜ ጠዋት የቀሰቀሳት ኳ… ኳ… የሚል የዱላ ድምፅ ነው። ወደ ደጅ ብቅ ስትል አያቷ በሩ ፊት ያሉትን ሦስት ደረጃዎች ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ እንደገና ይወጣሉ። ግንባራቸው ላብ ጠምቆታል።

«አርባ አንድ» አሉ ቆም ብለው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «መጣሽ? ሌሊቱን ሳሰላው ነበር። ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ለሦስት ሲካፈል ሰባ ሁለት ይመጣል። ይህን ደረጃ ሰባ ሁለት ጊዜ ከወጣሁ ማማውን ወጣሁ ማለት ነው። እስቲ አንቺ ሂሳብ ያለፍሽ፣ ልክ መሆኑን እይልኝ።»

በጣቷ አየር ላይ አካፈለችው። ልክ ነው። በሕይወቷ አንድ ማካፈል ሳትሳሳት ስትሠራ ይህ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱም ልቧን ሰነጠቀው።

«አባባ፣ ይቀመጡ እስቲ» አለች። «የደረጃውን ቁጥር አላውቀውም። ዝም ብዬ ከአፌ ያወጣሁት ነው።»

አያቷ ተቀመጡ። ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው በትዝብት አዩዋት።

«ጉልበቴን ጨርሼ ሳላበቃ ነገርሽኝ፣ ተመስገን ነው» አሉ። «ሌላስ የማታውቂው ነገር አለ?»

«ሂሳብ።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ተግተልትሎ ወጣ፤ አርባ ሰባቱ፣ ካልሲው፣ ረቡዕ፣ የመጋረጃው አበባ ሳይቀር። ንፍጧን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ሼም የሚባል ነገር ያን ጊዜ አልታያትም።

«ሰው ሰዓቱን ሲያመጣልኝ "በራሱ ጊዜ ቆመ" ይለኝ ነበር» አሉ አያቷ። «ስከፍተው ውሃ ገብቶበታል። ውሃ ገባበት ብሎ ቀድሞ የነገረኝን ሰው ሰዓት በአንድ ቀን እጠግነው ነበር። የሌላው ሳምንት ይፈጅብኛል።»

«አባዬ ይጮህብኛል።»

«ይጮሃል። በሰዓቱ ጀምሮ በሰዓቱ ይጨርሳል፤ አውቀዋለሁ፣ ልጄ ነው።»

«ጉዞውስ?»

«እሱን እኔ እንጃ» አሉ ዱላቸውን ተደግፈው እየተነሱ። «ግን ሦስት መቶ ዓመት የቆመ ማማ ጥሎኝ የትም አይሄድም። ግቢ።»

ገባች። አባቷ መታጠቢያ ቤት ሆኖ እያንጎራጎረ ጢሙን ይላጫል። ቀዩን ብዕር አነሳች፤ ክዳኑ አልከፈት ብሎ በጥርሷ ነው የከፈተችው። መጀመሪያ አልጽፍ አላት። መዳፏ ላይ ደጋግማ ስትጭረው ቀይ መስመር ወጣ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቆማ፣ የረቡዕ ሳጥን ውስጥ፣ ከቤተ መንግሥቱ ጉብኝት በላይ፣ በትልቁ ጻፈች፦ «ጠዋት 2፡30 — የሂሳብ ድጋሚ ፈተና።»

«አባዬ!» ብላ ተጣራች። «እስቲ አንዴ ና!»

ማንጎራጎሩ ቆመ። መሮጥ እንዳያምራት ወንበሩን ሰሌዳው ሥር ጎትታ ተቀመጠችበት። የአባቷ ነጠላ ጫማ ወደ ሳሎኑ እየቀረበ ሲመጣ፣ ከደጅ ዱላው ደረጃውን መታ።

«አርባ ሁለት» አሉ አያቷ።