የዘይቱን አበባ

ካውያው ገበሩ ላይ ሲያልፍ እንፋሎቱ ፊቷን መታት። ዴልሚ የጨርቁን ጫፍ በግራ እጇ ሳብ አደረገች፣ ሽብሽቡን አጠፋች፣ ገለበጠችው። ነጭ ሐር ነበር። ከሥሩ ሌላ ነጭ ሐር ተራውን ይጠብቃል።

ስሟ ዴልሚ አልነበረም።

የሽርጧ ሁለተኛ ቁልፍም ቁልፍ አልነበረም። ካሜራ ነበር።

«ዴልሚ! ሐሩን ተኩሺ አልኩሽ እንጂ እኔን በዓይንሽ ተኩሺኝ አልኩሽ?»

ማይለን ነበረች፤ የስፌት ቤቱ ባለቤት። ፀጉሯን በእርሳስ ወግታ ይዛዋለች፣ አንገቷ ላይ ሜትር ተንጠልጥሏል። ገና ሃያ አራት ዓመቷ ነው። በዘንድሮው የአሱንሲዮን የፋሽን ሳምንት የመጀመሪያ ሥራቸውን ከሚያቀርቡት አዳዲስ ዲዛይነሮች አንዷ እሷ ናት፤ ጋዜጠኞችም ከሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት የእሷን ስም ነው።

«ሐሩን ነው ያየሁት» አለች ዴልሚ።

«ሰማችሁ? ሦስት ቃል ተናገረች! ኛ ብላሲዳ፣ ቴሬሬ ይስጧት እንጂ፤ ጉሮሮዋ ሳይከፈትላት አልቀረም!»

ሴቶቹ ሳቁ። ዳንቴል ሠሪዋ አሮጊት ብላሲዳ፣ በአገሩ ወግ «ኛ» ማለትም «እትዬ» የሚባሉት፣ የቴሬሬ ቅጠል በያዘው የቀንድ ዋንጫ በረዶ ውሃ ቀድተው አቀበሏት። ዴልሚ ጠጥታ ዝም ብላ መለሰች። እዚህ አገር «አመሰግናለሁ» ያለ ሰው በቃኝ ማለቱ ነው፤ ተራው ያልፈዋል። እሷ ደግሞ ከተራው መውጣት አልፈለገችም። ተራ ውስጥ ያለ ሰው ይሰማል።

እውነተኛ ስሟ ኒሚያ ኦቬላር ነው። የሚያንገበግባት የማይለን ጎበዝነት አልነበረም። ቅለቷ ነበር። ልጅቷ እየሳቀች ትቀድዳለች፣ እያወራች ትሰፋለች፣ የተሳሳተውን ጥላ ሌላ ትጀምራለች። ኒሚያ በዚያ ዕድሜዋ ንድፎቿን በጉያዋ ይዛ የከተማውን ስፌት ቤቶች በር አንኳኩታለች። ንድፎቹን እስከ መጨረሻው የተመለከተላት አንድ ሰው ብቻ ነበር። «እጅሽ እንጃ» አላት። «ዓይንሽ ግን ጥሩ ነው። የሌላውን ሥራ አንዴ አይተሽ አትረሺም።» የሌሎችን ንድፍ የመሰለል ሥራ የሰጣትም እሱ ነው። «አጎት» ትለዋለች። እሱ «ካላንድሪያ» ይላታል፤ የሌሎች ወፎችን ዜማ እየቀዳች በምትዘምረው ወፍ ስም።

የአሁኑ ተልዕኮ መዝጊያው ቀሚስ ነው። የሚስጥር ስሙ «ሙሽራ» ነው። ውስጠኛው ክፍል ውስጥ አንሶላ ለብሶ ቆሟል፤ ከማይለንና ከኛ ብላሲዳ በቀር የሚገባ የለም። ዕቅዱ ቀላል ነበር። «አጎት» የሚሠራለት ትልቁ የልብስ ቤት፣ ካሳ ቪልያልታ፣ ትርኢቱን የሚያሳየው ከማይለን አንድ ቀን ቀድሞ ነው። ቀሚሱን ገልብጦ ቀድሞ ያወጣዋል። ሁለተኛ የወጣው ሌባ ይባላል።

ክፍያዋን ራሷ ናት የጠየቀችው። ቀሚሱ በመድረክ ላይ ሲወጣ በኒሚያ ኦቬላር ስም እንዲጠራ። አንድ ጊዜ ብቻ።

*

ቀትር ላይ ከተማው ይተኛል። ሙቀቱ ሱቆቹን ያዘጋል፣ ውሾቹን ከመንገድ ያስነሳል። ሴቶቹ ከማንጎው ዛፍ ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ጋደም አሉ። ማይለን አፏን ከፍታ አንቀላፋች። እንቅልፍ እንኳ ቀላል ነበር ለእሷ።

ኒሚያ ጫማዋን አወለቀች።

በሩ አልተቆለፈም። ይህም አናደዳት። ሰው እንዴት እንዲህ ተማምኖ ይኖራል?

አንሶላውን ገለጠችው።

ከትከሻ እስከ ወለል ኛንዱቲ ነበር፤ የሸረሪት ድር የመሰለው የአገሩ ዳንቴል። ክቦቹ ከደረቱ ላይ ይጀምሩና ወደ ታች እየሰፉ፣ እየሳሱ ይሄዳሉ፤ መጨረሻቸው አየር ነው። ደረቱ መሃል ላይ አንድ ትልቅ አበባ አለ። የዘይቱን አበባ።

 እኔ ብሠራው እንዲህ ነበር የምሠራው፣ አለች በልቧ። ልክ እንዲህ።

ቁልፉን ተጫነች። ፊት። ጎን። ጀርባ። አበባው ቀረብ ብሎ።

ጨርሳ ነበር። መውጣት ነበረባት።

ግን የአበባው አንድ ክር ላልቷል።

ማንም አያየውም። ኒሚያ ግን አየችው። ተወችው፣ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ የተሰካውን መርፌ አነሳች። ክሩን ሳበች፣ መሃሉ ላይ አዙራ ቋጠረችው፣ በጥርሷ ቆረጠችው። ለምን እንዳደረገችው አላወቀችም። እንዲህ ያለ ነገር ጉድለት ይዞ እንዲወጣ መተው አልቻለችም። ሌላ ሰው የሠራው መሆኑንም መታገሥ አልቻለችም።

ውጭ ነጠላ ጫማ ተጎተተ።

አንሶላውን መለሰች። ኛ ብላሲዳ በሩ ላይ ሲደርሱ ኒሚያ ካውያዋ ዘንድ ነበረች።

«አትተኚም እንዴ፣ ልጄ?»

«ሞቆኝ ነው።»

አሮጊቷ ባዶ እግሯን አዩ። 

*

ርክክቡ አውቶብስ ውስጥ ነበር። ቅርጫቷን በጭንቅላቷ የተሸከመችው ቺፓ ሻጭ ስትገባ፣ ኒሚያ አንዱን ቀለበት ዳቦ ገዛች። ግማሹን በላች። ግማሹን ከካሜራው ካርድ ጋር በወረቀቱ ጠቀለለችው። ከኋላዋ «አጎት» ባርኔጣ አድርጎ ተቀምጧል።

«ትኩስ ነው?» አለ።

«የጠዋት ነው።»

ወረቀቱን መቀመጫው ላይ ትታ ተነሳች።

«ስሜ?» አለች ሳትዞር።

«ቃል ገብቻለሁ አይደል።»

*

የቪልያልታ ትርኢት ዋዜማ ላይ ኛ ብላሲዳ ጠሯት። ግድግዳው ላይ በተደገፉት መወጠሪያዎች የተዘረጋው ዳንቴል እንዲደነድን አሚዶ ተቀብቶ ፀሐይ ይሞቃል።

«ቁጭ በይ። እጅሽን አሳዪኝ።»

ዘረጋችላቸው።

«በየትኛው ነው የምትጎርሺው?»

«በቀኝ።»

«ታዲያ ቋጠሮ ወደ ግራ ማን አስተማረሽ?»

ኒሚያ እጇን ሰበሰበች። 

«አበባዬ ላይ ያላሰርኩት ቋጠሮ አገኘሁ» አሉ ኛ ብላሲዳ። «በኢታጉዋ ወደ ግራ የምትቋጥር አንዲት ሴት ነበረች። ግራኝ ነበረች። አንድ መወጠሪያ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ነው ያረጀነው። አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ከእናቷ ጭን ላይ ሆና ነው የተማረችው። ቀኝ እጇ ግራኝ ሆኖ ቀረ እያልን እንስቅባት ነበር።»



«የራሞና ልጅ ነሽ።»

«ነኝ» አለች። ከስንት ዓመት በኋላ የተናገረችው የመጀመሪያ እውነት ነበር።

«ለምን ካውያ ብቻ ነው የማውቀው አልሽን? አፍረሽ ነው?»

«አፍሬ ነው።» ይህም ውሸት አልነበረም።

«ሞኝ!» ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «አበባዋ የማን መሰለችሽ? የእናትሽ እኮ ናት። እኔ ከራሞና፣ ማይለን ከእኔ። ልጅቷ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? ‹የሴትየዋ ስም ካልተጠራ ቀሚሱ አይወጣም› አለች። ቀሚሱ ራሞና ነው የሚባለው። ገበሩ ውስጥ ተጠልፏል። አላየሽም?»

ገበሩን አልገለጠችውም ነበር። ስትተኩስ የከረመችው ገበር ሆኖ፣ ይህን አንዱን አልገለጠችውም።

«ትርኢቱ ሲያልቅ ስምሽን አስጠርቼ መድረክ ላይ አወጣሻለሁ። ለማይለን እስካሁን አልነገርኳትም፤ ትደንግጥ! ደህና ቀሚስ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እሰፋልሻለሁ። ትከሻሽን አዙሪ፣ ልክሽን ልውሰድ።»

ሜትሩ ጀርባዋ ላይ ተዘረጋ።  ስትሰርቀው የከረመችው ነገር በነፃ ተሰጣት። እሷ ደግሞ ሸጣዋለች።

ከመንገድ ማዶ ሆና ደወለች።

«አጎት፣ ዕቃው ተበላሽቷል። አታውጡት።»

«ዕቃው አልቆ ተሰቅሏል። ነገ ነይና ስምሽ ሲጠራ ስሚ።»

*

የቪልያልታ ትርኢት ቦታ ወንዙ ዳር ያለ አሮጌ መጋዘን ነው። ከመድረኩ ጀርባ ሞዴሎች ይሯሯጣሉ፣ ፀጉር ሠሪዎች ይጮኻሉ። ግራጫ ሽርጥ ለብሳ የውሃ መርጫ የያዘችን ተኳሽ ማንም አያያትም፤ ኒሚያም እንዲሁ ሆና ገባች።

የቪልያልታዋ «ሙሽራ» ተሰቅላለች። ከሩቅ ያው ናት። ከቅርብ ግን ክሩ ወፍራም ነው፣ ቋጠሮው ሁሉ ወደ ቀኝ ነው። ቅርጿን የያዘላት አሚዶው ብቻ ነው።

የልብስ ቤቱ ባለቤት የወንድም ልጅ ፊዮሬላ ማስቲካ እያኘከች ታያታለች።

«ይቺ አበባ ምንድን ናት? ጋዜጠኛ ቢጠይቀኝ ምን ልበል?»

«የሴት አያቴ ትዝታ ናት በይ» አላት አንዱ።

«የትኛዋ? ሁለቱም መርፌ ነክተው አያውቁም!»

ተሳሳቁ። ከመጋረጃው ማዶ አስተዋዋቂው ድምፅ ማጉያውን ይሞክራል። «እና የመዝጊያው ቀሚስ፣ የፊዮሬላ ቪልያልታ ሥራ!»

ኒሚያ ዞረች። «አጎት» ምሰሶውን ተደግፎ ነበር።

«ስሜስ?»

«ስም?» ከልቡ የገረመው መሰለ። «ስም ያላት ሰላይ ምን ታደርግልኛለች?»

«ቃልህስ?»

«ቃሌ ሥራውን ሠርቷል። አሁን ስሚኝ። ነገ ልጅቷ ሌባ ስትባል ምስክር ያስፈልጋል። ዴልሚ ስፌት ቤቷ ነበረች። ከቪልያልታ ሲገለበጥ አይቻለሁ ትያለሽ።»

«እምቢ ብልስ?»

«አትዪም። በልጅቷ ቅናት የተቃጠልኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

እውነቱን ነው። አሁንም ትቃጠላለች።

ወደ ቀሚሱ ሄደች።

«ደረቷ ላይ ተጨማድዳለች» አለች አልባሽዋን። «ላስተካክላት?»

«ፍጠኚ! መዝጊያው ደርሷል!»

መርጫውን አነሳች።

ጨመቀችው።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ደገመች። ትከሻው። ደረቱ። ቀሚሱን ዞረችው፣ እስከ ወለሉ አረሰረሰችው። አሚዶው ቀለጠ። ክቦቹ አንድ በአንድ ተልፈሰፈሱ። አበባዋ እርስ በርሷ ተጣብቃ እንደ እርጥብ ወረቀት ወደ ታች ተንጠለጠለች።

«ምን አደረግሽ? አንቺ! ምን አደረግሽ?»

«ውሃ ነው» አለች ኒሚያ። «ይደርቃል።»

ቅርጹን መልሶ ለመያዝ ግን እንደገና አሚዶ፣ እንደገና መወጠሪያ፣ እንደገና ፀሐይ ይፈልጋል። ፀሐይዋ ደግሞ ከወንዙ ማዶ እየጠለቀች ነበር። አዳራሹ እያጨበጨበ ጠበቀ፤ የመጣ ቀሚስ የለም። ነገ የማይለን ከወጣ በኋላ ቅጂው ቅጂ ብቻ ነው።

በጓሮ በር «አጎት» ጠበቃት። አልጮኸም።

«ካላንድሪያ። የራስሽን ዜማ ዘመርሽ ማለት ነው?»

ስልኩን አዞረላት። ራሷ ያነሳችው ፎቶ ነበር፤ የቀሚሱ ጀርባ። ከቀሚሱ ወዲያ ትልቅ መስታወት አለ። መስታወቱ ውስጥ ሽርጥ፣ ባዶ እግር፣ ፊቷ።

«መስታወቱን ረስተሽዋል» አለ። ከዚያ በአውራ ጣቱ ላከው። «ለማይለን ነው። እንድታውቅሽ ብዬ።»

ድልድዩ ላይ ስትደርስ ስልኳ ነዘረ። ማይለን ነበረች። አንድ መስመር።

«አንቺ ነሽ?»

ሲም ካርዱን አውጥታ ሰበረችው። ወንዙ ወሰደው።

*

በማግስቱ አደባባዩ ላይ የማይለንን ትርኢት በትልቁ ስክሪን አየችው፤ በቺፓ ሻጮችና በአላፊ አግዳሚው መሃል ቆማ። ቀሚሱ ሲወጣ አደባባዩ ዝም አለ። አበባዋ ብርሃኑን ይዛ አለፈች። አንዲት ክር አልላላችም።

«ራሞና!» አለ አስተዋዋቂው። «ለኢታጉዋዋ ራሞና ኦቬላር መታሰቢያ!»

ማይለንና ኛ ብላሲዳ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። አሮጊቷ ክንዳቸው ላይ የታጠፈ ሰማያዊ ቀሚስ ይዘዋል። አዳራሹ ውስጥ ኒሚያን በዓይናቸው ይፈልጋሉ። ማይለን ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ነገረቻቸው። የአሮጊቷ ፊት ተለወጠ። ሰማያዊውን ቀሚስ ደረታቸው ላይ አጣብቀው ቆሙ። ማይለን አቀፈቻቸው።

ያ እቅፍ የእኔ ነበር፣ አለች ኒሚያ። ቅናቷ እንደ ትኩስ ካውያ ሆዷ ላይ ተቀመጠ።

«ምን ያስለቅስሻል፣ እህቴ?» አለቻት አጠገቧ የቆመችው ቺፓ ሻጭ። «ቀሚስ ነው እኮ!»

«ያምራል።»

«ያቺን የተጠራችውን ሴትዮ ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም» አለች።

*

ኤንካርናሲዮን ከተማ፣ ከአውቶብስ መናኸሪያው ጀርባ ያለች ልብስ ማጠቢያ። አዲሷ ተኳሽ ግላዲስ ትባላለች፤ ብዙ አታወራም። የአንድ ሹፌር ሸሚዝ አንገቱን ተኮሰች፣ እጅጌውን ተኮሰች። ሦስተኛው ቁልፍ ሊወድቅ ተንጠልጥሏል። መርፌ አምጥታ ሰፋችው።

ስትጨርስ ጣቶቿ ክሩን ወደ ግራ ጠመዘዙት።

ቆመች። በሩን አየች። ከዚያ ፈታችው፣ ቀስ ብላ ወደ ቀኝ ቋጠረችው፣ ትርፉን በጥርሷ ቆረጠችው። ሸሚዙን መስቀያ ላይ ሰቅላ ወደ ጎን አደረገችው።