አረንጓዴው አፈር ላይ ያለ ኮቴ

በገመድ በከለሉት ቦታ መሃል የከብት ኮቴ ታትሟል። ዓቢዳ ተንበረከከች። አጠገቡ የወደቀው እበት ደርቆ፣ በስንጥቁ የጣት ያህል ሣር በቅሎበታል። የትናንት አይደለም፤ ቢያንስ ሳምንት ሆኖታል።

ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው በዚህ ጫካ፣ ከዛፎቹ ሥር መሬቱን እንደ ቆዳ የሸፈነ አረንጓዴ ነገር አለ። ብዙ ሰው ሻጋታ ይመስለዋል። ዓቢዳ ግን በማይክሮስኮፕ አይታዋለች፤ አልጌና ሳይኖባክቴሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ሕያዋን እንደ ክር ተጠላልፈው አፈሩን ጎርፍ እንዳይወስደው ይይዙታል። ከጓደኛዋ ከውዳሴ ጋር መዳፍ የምታህል ቦታ ፍቀው፣ ዙሪያዋን በገመድ ከልለው፣ አረንጓዴው በስንት ቀን እንደሚመለስ ለሳይንስ ክበብ ይለኩ ነበር። በስድስተኛው ቀን ዓቢዳን ወባ ጣላት።

«አንቺ ብቻ ዳኚ፤ ማርያምን በየቀኑ እሄዳለሁ» አለቻት ውዳሴ።

ዓቢዳ፣ ውዳሴ ትናንት የመለሰችላትን ደብተር ገለጠች። ከስድስቱ ቀን ቀጥሎ የአሥራ ሁለት ቀን ልኬት በውዳሴ ቆንጆ ጽሑፍ ተደርድሯል። የመጨረሻው «ሦስት ሚሊሜትር ጨመረ» ይላል።

በተረገጠ መሬት ላይ ምኑን ለክታ ነው?

ውዳሴን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘቻት።

«ውዲ፣ ትናንት ጫካ ሄደሽ ነበር?»

«አዎ ባክሽ! ምነው?»

«ቦታውን ከብት ረግጦታል። ከረገጠው ቆይቷል።»

ውዳሴ ፊቷ ተለዋወጠ። «እሺ በቃ፣ አልሄድኩም። ብቻዬን ጫካ መግባት ፈራሁ። እንዳይከፋሽ ብዬ እኮ ነው።»

«ፈራሁ ብትይኝ ምን እልሽ ነበር? በየቀኑ አልጋዬ ድረስ እየመጣሽ ‹ዛሬ ደግሞ እንዴት ለምልሞልሻል መሰለሽ› ትይኝ ነበር። እኔ ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠኝ እሱን እያሰብኩ ነበር የምጽናናው።»

«ዛሬን ብቻ ለክበቡ እንዳለ እናቅርበውና ሁለተኛ አይለምደኝም። ፕሊስ፣ ሼም እንዳታስይዢኝ።»

ዓቢዳ ደብተሩን ይዛ ወደ ክፍል ገባች።

የክበቡ ኃላፊ መምህር ተስፋው የሁለቱን ስም ሲጠሩ ዓቢዳ ብቻዋን ወጣች። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ቀን ልኬት አነበበች። ከዚያ ደብተሩን ዘጋችው።

«የቀረውስ?» አሉ መምህሩ።

«ከዚያ ወዲህ አልተለካም።»

«ለምን?»

ውዳሴ አንገቷን ደፍታ ጠረጴዛውን በጥፍሯ ትቧጭራለች።

«እሱን ውዳሴ ብትነግርዎት ይሻላል» አለች ዓቢዳ። ከውዳሴ አጠገብ ወዳለው ቦታዋ ሳትመለስ፣ ከኋላ ባዶ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ውዳሴ ቀስ ብላ ተነሣች።